የቁም ሰው በዕድር ቃሬዛ

ትዕግሥት ሲታደል አርፍደው ከደረሱት ሰዎች አንዷ ነኝ። እናቴ ይህን ስለምታውቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ገጠር መመደቤን ስነግራት «ሕዝቡን እግዜር ይርዳው» ነበር ያለችው። «አንቺን ይርዳሽ» እንኳ አላለችኝም።

የተመደብኩበት መንደር ከቡራዩ ብዙም አይርቅም። የገፈርሳን ግድብ አልፎ ወደ መናገሻ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ላይ የሚገነጠል የእግር መንገድ አለ። በባሕር ዛፉ መሃል ሲወጡት ለእኔ አንድ ሰዓት፣ ለመንደሩ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ክረምት ከገባ ግን ለማንም አይታወቅም። ባጃጅ እስከ ግማሹ ይሞክርና ጭቃውን አይቶ ይመለሳል። አምቡላንስማ ከአስፋልቱ ንቅንቅ አይልም። ከላይ ያሉት ከጥንት ጀምሮ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ሲናደዱ ሁለቱንም ባንድ ላይ ይናገራሉ። ከታች፣ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ አጠገብ፣ ከደቡብ የመጡ ጥቂት ቤተሰቦች ተጠጋግተው ይኖራሉ። በሥራ ቀን ድንጋይ ይፈልጣሉ፣ እሑድ እሑድ በቆርቆሮ ጸሎት ቤታቸው ይዘምራሉ። በሁለቱ መንደሮች መሃል አንድ ቀጭን ወንዝና አንድ ሰላምታ ነበር፤ ከሰላምታው የሚያልፍ ጉዳይ እምብዛም አልነበራቸውም።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ይስማሙ ነበር፤ እኔን ባለመስማት።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ላይ አራት ሰው መጣ። ሁለቱ ዝናብ ሊጠለሉ ነው። አንዷ ፍየሏ ጤና ኬላው ግቢ ገብታባት ነው። አራተኛው አዛውንት ለትምህርቱ ብለው ነበር የመጡት፣ ግን ጆሯቸው አይሰማም። የእጅ መታጠብን ሥዕል ስዘረጋ ባለ ፍየሏ ቀረብ ብላ አጥብቃ አየችውና «ይቺማ ቧንቧ ያላት ናት» ብላ ፍየሏን እየጎተተች ሄደች። ሳሙና አድላለሁ ብዬ የጠራሁ ጊዜ ግቢው ሞላ፤ ሳሙናው ሲያልቅ ሰውም አለቀ። ሽንት ቤት ቆፍሩ ስላቸው ደግሞ «እሺ» ይሉኛል። በዚያ አገር «እሺ» ማለት «ሂጂልን» ማለት መሆኑን ለመረዳት ስድስት ወር ፈጀብኝ።

ሰው ሲሞት ግን ማንም አይቀርም። የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ጎሕ ሲቀድ አንዴ ዞሮ ከነፋ፣ ጥርሱን የሚያመውም፣ ወገቤን የሚለውም፣ ከጎረቤቱ የተኳረፈውም ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ስር ይገኛል። እኔ ስለ መኖር ጉሮሮዬ እስኪነቃ ለፍፌ የሚመጣልኝ ሳጣ፣ ሞት በአንድ ጡሩንባ መንደሩን ነቅሎ ያወጣዋል። እውነቱን ልናገርና እቀናበት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከታችኛው መንደር አንድ ድንጋይ ፈላጭ እየሮጠ መጣ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፣ ውሃዋ ከፈሰሰ ቆይቷል። አምቡላንስ ደወልኩ፤ አስፋልቱ ላይ እጠብቃለሁ አለ። ባልየው መጀመሪያ በጀርባው አዘላት። ሲያቅተው በሸራ አርገን እኔ፣ እሱና ሁለት ጓደኞቹ አራት ማዕዘኑን ይዘን እየተንሸራተትን ወረድን። መንገዱ አጋማሽ ላይ አንዱ ወደ አስፋልቱ፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄድበት መንታ አለ። እዚያ ጋ ስንደርስ ከኋላችን የዕድሩ ቃሬዛ መጣ። ከወይራ እንጨት የተሠራ፣ በጠፍር የተጠላለፈ ጠንካራ ቃሬዛ ነው፤ አራት ሰው ከያዘው ገደል ላይም አይዛነፍም። ቃሬዛው ላይ ወደ ቀብር የሚሄደው የአንድ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ሬሳ ነበር።

እኛም እንደ ደንቡ ለሬሳ መንገድ ለቀቅን። ምጥ የያዛትን ሴት ከነሸራዋ ዳር አውጥተን፣ ባልዋም ቆቡን አውልቆ፣ ሽማግሌውና ለቀስተኛው ሁሉ አልፈው እስኪያልቁ ጠበቅን። ሕፃኑ አስፋልቱ ሳንደርስ ተወለደ። አልተነፈሰም። እናቱ ተረፈች። መንገድ መልቀቃችን ዛሬም ከሆዴ አይወጣም፤ ማንም ዳር ውጡ አላለንም እኮ፣ ለምደነው ነው።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሴትዮዋ እንደገና አረገዘች። ስቆጥርላት ቀኗ ነሐሴ ላይ ዋለ። ጤና ጣቢያው ግቢ ያለው፣ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸውን የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያ ጣሪያው አፍስሶ ተዘግቷል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ በነሐሴ ጭቃ ይህችን ሴት አስፋልት ድረስ ማን፣ በምን ያወርዳታል? መልሱ የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጋድሞ እንደሚገኝ አውቅ ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ረጅም፣ ሽበት የወረሳቸው፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ ገበሬ ናቸው። ሰው ሁሉ ኦቦ ዳኛ ይላቸዋል። የዕድሩን ደንብ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁታል፤ አንቀጽ ሲጠቅሱ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ይቀስራሉ፣ እዚያ የተጻፈ ይመስል። ቤታቸው ሄድኩ።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ዳኛ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ደህና ነሽ ሲስተር? ደሞ ምን ልታስቆፍሪን መጣሽ?»

«ዛሬስ ጉድጓድ አይደለም። ቃሬዛውን ፈልጌ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ታች ያለችው ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት እንድትወርድበት ብዬ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «አባል አይደለችም።»

«አውቃለሁ።»

«ባልዋም አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ።»

«ቃሬዛው ደግሞ ለቁም ሰው አይወጣም። አንቀጽ የለውም።» ጣታቸው ወደ ሰማይ ሄደ። ፊቴ መጥቆሩን አይተው ሊያጽናኑኝ ፈለጉ መሰል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ኢንታላ ኮ፣ ስሚ ልጄ፣ ክፉ ሰው አታርጊን። ብትሞት እኮ እናነሳታለን። አባል ሆነች አልሆነች፣ ሃይማኖቷም ምንም ይሁን፣ ሬሳ ሜዳ ላይ አንጥልም። ትሙት እንጂ ለመሸከሙ እኛ አለን።»

«ከሞተችማ እኔም አልቸኩልም፣ ኦቦ ዳኛ» አልኳቸው። ጮኬ ነበር። በዚያ መንደር በእሳቸው ላይ የጮኸ ሰው መኖሩን እንጃ። ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ባላቸውን አዩና «ልጅቷ ምን አጠፋች?» ብለው ተመለሱ። ኦቦ ዳኛ ጣታቸውን መልሰው አወረዱ። በመጨረሻ «ልምምድ ከሆነ የሚከለክል አንቀጽ የለም» አሉኝ። መጀመሪያ ሰው ይየው፣ ይልመደው፤ ከዚያ ስለ ሴትዮዋ ጉባኤው ይነጋገርበታል።

እኔ ደስ ብሎኝ ታች ወረድኩ። ሴትዮዋ ግን ነገሩን እንደሰማች ራሷን ነቀነቀች።

«የሬሳ አልጋ ላይ አልተኛም።»

«አልጋ እኮ አልጋ ነው።»

«እሱ ላይ ወጥቶ የተነሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ማንም አላየም። የመጀመሪያ ልጇን ያጣች ቀን ያ ነገር በአጠገቧ ማለፉን ደግሞ እኔ አልረሳሁም፣ እሷ እንዴት ትርሳው? ምላሴ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ «እኔ እወጣበትና እነሳለሁ፣ ትመጪና ታያለሽ» አልኳት።

ቀን ቆረጥን። ለኦቦ ዳኛ «ሰው እኔ ስጠራ አይመጣም» ብላቸው «ጡሩንባውን እናስነፋለና» አሉ። ያኔ ነበር ማሰብ የነበረብኝ። እኔ ግን ሙሉ ግቢ ሰው ላይ እንደምናገር ብቻ ታየኝና አመስግኜ ወጣሁ።

ጡሩንባ ነፊው አጭር፣ ቃለ ቁጥብ ሰው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሦስት ነገር ሲናገር የኖረ ነው፤ ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት። እኔ የሰጠሁት ማስታወቂያ ግን ረጅም ነበር፤ ስለ ድንገተኛ ምጥ፣ ስለ እናቶች ጤና፣ ስለ ኅብረተሰቡ ተሳትፎ። እስክጨርስ ሰማኝና «እሺ» አለኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ጡሩንባውን ነፋ፣ ከዚያም እንደ ልማዱ አሳጠረው። «ሲስተር ናት። ቃሬዛ ይወጣል። ጤና ኬላው ግቢ፣ ሦስት ሰዓት።»

ከዚህ ውስጥ ውሸት የቱ ነው? አንድም የለበትም።

እኔ በዚያ ሰዓት ባልና ሚስቱን ላመጣ ታችኛው መንደር ወርጄ ነበር። ሦስታችን ሆነን ስንመለስ ጤና ኬላው ግቢ ድንኳን ተተክሎ ከሩቅ አየሁ። ፀሐይ እንዳይመታን አስበው ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ጠጋ ስንል ግቢው ጢም ብሏል፤ ሁለት ዓመት ያላየሁት ሰው ሁሉ መጥቷል። ይበልጥ ደስ አለኝ። ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፣ ጥግ ላይ በትልቅ ድስት ንፍሮ ይንፈቀፈቃል። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ደነገጥኩ፤ ዛሬን መርጦ የሞተው ማነው ብዬም ተናደድኩ። ከመሃል የአልቃሿ ድምፅ ወጣ።

ሽንት ቤት ቆፍሩ ብላ ስትዞር ስትዞር፣
ለሷ ተቆፈረ እኛ ሳንቆፍር።

ድምፁ የባለ ፍየሏ ነው። ሰዉ ደረቱን መታ። እኔም ቆሜ «ግጥሙስ ጥሩ ነው» እያልኩ ሳለ ነው ለማን እንደተገጠመ የገባኝ። ከፊቴ ያለችውን ሴት ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። ዘወር ብላ አየችኝና መሬት ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ የነበሩ አሮጊት ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው፣ «ጂርታ?» አሉኝ። አለሽ ወይ ማለታቸው ነው።

«አለሁ፣ እማማ።»

ከዚያ የመጣው እልልታ እንዳይመስላችሁ። ቁጣ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እነሱ ከአንጀታቸው አልቅሰው ነበር፣ ያንን እንባ ማን ይመልስላቸው? አንዱ በሬዎቹን ቀንበር ላይ ጥሎ ነው የመጣው። አንዷ ልጇን ያለ ቁርስ ትምህርት ቤት ሰዳለች። ባለ ፍየሏ ግጥሟ ሜዳ ላይ መቅረቱ ከሁሉም በላይ አናዷታል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ሰላም ስላት «እስቲ መጀመሪያ ሙቺ» እያለች አልፋኛለች። ጡሩንባ ነፊውን ሲይዙት «ያሉኝን ነው የተናገርኩት» አለ። ሰው ሊበተን ሲነሳ ኦቦ ዳኛ ጣታቸውን ቀሰሩ።

«ጡሩንባ ከተነፋ ስም ይጠራል። ስም ሳይጠራ የሄደ እንደ ቀረ ይቆጠራል።»

ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ። ሳሙና ሳላድል፣ ሳልለምን፣ መንደሩ በሙሉ ፊቴ ተደረደረ። ንፍሮው ከመታደሉ በፊት እጃቸውን አስታጠብኳቸው፤ ሲያለቅስልኝ ያረፈደ ሰው እጄን አልታጠብም ሊለኝ አልቻለም። ስለ ምጥ፣ ስለ መድማት፣ ሴት ልጅ መንገድ ላይ ስትዘገይ ምን እንደሚሆን ነገርኳቸው። ባልና ሚስቱ ከኋላ ቆመው ነበር። ስማቸውን አላነሳሁም፤ ግን ብዙ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ዞሮ አያቸው።

ከዚያ ቃሬዛው ላይ ወጣሁ። ጠፍሩ ይቀዘቅዛል፣ ይቆረቁራልም። አራት ሰዎች አነሱኝ፣ ሌሎች አራት ተቀያሪዎች ከኋላ ተከተሉ፣ ሕዝቡም ተከተለ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልኬ መቁጠር ጀመርኩ። ገና ሁለት መቶ እርምጃ ሳንሄድ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ?»

ማንም ምን እንደሆነ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መንገድ ላይ ሰባት ቦታ ይቆማል፣ ቄሱ ይደግማሉ፣ ከዚያ ይቀጥላል። ቄስ አልነበረም፣ ሬሳም አልነበረም፣ ትከሻቸው ግን ቦታውን ያውቀዋል። «ሂዱ እንጂ!» እያልኩ ቀጠልን፤ ሁለተኛው ቦታ ላይ እንደገና ቆሙ። ሦስተኛው ላይ ስጮህ አንዱ «ሟች አይናገርም» ብሎ አሳቀብኝ። መንታው መንገድ ጋ ስንደርስ ደግሞ ማንም ሳያዝዛቸው አራቱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፉ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ጡሩንባውን ሰምቶ ኖሮ ገና በጠዋቱ ቁፋሮ ጀምሯል፣ እስከ ጉልበቱ ወርዷል። ቃሬዛው ላይ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ ዶማውን ተደግፎ ቀረ።

«እና ይሄን ጉድጓድ ምን ላርገው?» አለ በመጨረሻ።

ሁለት ዓመት የደጋገምኩት ነገር አፌ ላይ ነበረ። «ሽንት ቤት አርገው» አልኩ።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ! ዘበኛው አማተበ፣ ተሸካሚዎቹ አማተቡ፣ እኔም ከላይ ሆኜ አማተብኩ። ኋላ ቄሱ ሃምሳ ስግደት አዘዙኝ፤ ስሰግድ ዘበኛው አጠገቤ ቆሞ ከመቁጠር አልታከተም።

ተመልሰን ወደ አስፋልቱ መውረድ እንደጀመርን ከታች ሴቶች እያለቀሱ ሲመጡ አየን። መሃላቸው እናቴ ነበረች። አንድ ደግ ሰው ቡራዩ ቤቷ ደውሎ አርድቷታል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሁለት ጎረቤቶች ብብቷን ይዘዋት፣ ቀና ስትል ልጇን ቃሬዛ ላይ አየች። እኔ ደግሞ ላረጋጋት ብዬ ብድግ ብዬ ተቀመጥኩና «እማ!» አልኳት። ከዚህ የባሰ ማረጋጋት ያለ አይመስለኝም። እናቴ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥላ አየችኝ፣ ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። ተሸካሚዎቹ ከትከሻቸው ሳያወርዱኝ ነው የተመታሁት። ክንዷ እስኪደክም መታችኝና እግሬን አቅፋ አለቀሰች።

በዚህ መሃል ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ያቺ ነፍሰ ጡር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ዛፍ ተደግፋ ትስቃለች። ያን ሁሉ ጊዜ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር። አስፋልቱ ላይ ሲያወርዱኝ ቀረብ ብላ ጠፍሩን በጣቷ ነካችው።

«ይቆረቁራል?»

«ይቆረቁራል።»

«እንግዲህ ወርደሻላ» አለች።

የሚቀጥለው እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጭቅጭቁ ረጅም ነበር። ዛሬ ለሷ ከወጣ ነገ ለሁሉም ሊወጣ ነው የሚል ነበረ፤ የኛ ትከሻ ከነሱ ምን አገናኘው የሚልም ነበረ። ኦቦ ዳኛ ሁሉንም አናግረው ሲጨርሱ ጣታቸውን ቀሰሩ። «በአባል ቤት ያለ እንግዳ አንድ ነገር ቢደርስበት ዕድሩ ያነሳዋል ይላል።»

«እሱ እኮ ለሞተ ነው» አለ አንዱ።

«ምን ቢደርስበት እንደሆነ አልተጻፈም።»

«እሺ፣ የማን እንግዳ ትሁን?»

ሁሉም የየራሱን ጫማ ያይ ጀመር። እኔም መናገር ፈራሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ኦቦ ዳኛ የሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አዩና «የኔ» አሉ።

ሚስታቸው ሲሰሙ «ሕጉን አንተ አገኘኸው፣ እንግዳዋን እኔ ላኖራት» አሉ። ግን ያን ዕለት መደቡን ለቀለቁ። ሴትዮዋ ነሐሴ ሲገባ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወንዙን ተሻገረች። ጾመ ፍልሰታ ነበር። ሚስትየው በየጠዋቱ ወተት አፍልተው ይሰጧትና እስክትጠጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ከታችኛው መንደር ቆጮ መምጣት ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አላዩትም፤ በሦስተኛው ቀን በጎመን ቀመሱና «አይከፋም» አሉ፤ ከሳምንት በኋላ ከባላቸው ደብቀው ሲበሉ እኔው ራሴ ደረስኩባቸው። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ በየማለዳው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች። አንድ ቀን ኦቦ ዳኛ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ሲስተር፣ እነሱ ሲጸልዩ አሜን ማለት ኃጢአት አለው?»

«ብለው ነው እንዴ?»

«ጸሎቷ ለቤቴ ነው፣ ለከብቶቼ ነው፣ ምን ልበል ታዲያ?»

የሚከለክል አንቀጽ እንደሌለ ነገርኳቸው።

ምጡ የመጣው አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ዝናብ ሳያባራ ነው። ጡሩንባ ነፊው መሣሪያውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ግራ ተጋባ። ካልነፋ ሰው አይመጣም፤ ከነፋ ደግሞ መንደሩ ሊያለቅስ ነው፣ እሷም ለቅሶውን ልትሰማ ነው። ኦቦ ዳኛ «ንፋ፣ ግን ጨምርበት» አሉት። ወጥቶ ነፋና ጭቃው ውስጥ እየሮጠ በማያውቀው ድምፅ መጮህ ጀመረ። «ሂን ዱኔ! ሂን ዱኔ!» አልሞተችም፣ አልሞተችም። በዕድሜው በሙሉ ያላለው ቃል ነው።

ወንዶቹ መጡ። ከታችም ባልዋና ድንጋይ ፈላጮቹ ወንዙን እየዘለሉ መጡ። አንዷ አሮጊት ለክብር ቀን ያስቀመጡትን ጋቢ ጠፍሩ ላይ አነጠፉላት። ሊያነሱ ሲሉ ኦቦ ዳኛ «ቆይ» አሉና የኛን ሰዎች ከፊት አስወጥተው ድንጋይ ፈላጮቹን አስገቡ። «እናንተ የሚቆምበትን አታውቁትም፣ ፊት ፊት ሁኑ። እኛ ከኋላ እንገፋለን።»

እንዲያው ሆነ። የመጀመሪያው ማረፊያ ጋ የኋለኞቹ እግር ለመቆም ዘገየ፤ የፊተኞቹ ጎትተው አሳለፏቸው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው አለፈ። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይገባል፣ ቃሬዛው ግን አንድም ጊዜ መሬት አልነካም። የመጀመሪያ ልጇ የተወለደበት ቦታ ጋ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ። አጥንቴ እስኪያመኝ ጨበጠችው። እኔም አብሬያት ፈራሁ። እነሱ ግን አልቆሙም። አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ነበር። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አለቀሰች። በረንዳው ላይ ሆኜ ያን ለቅሶ ስሰማ እኔም እንባዬ ወረደ፤ ማንም እንዳያየኝ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

በማግስቱ አምቡላንሱ እናትና ልጅን መልሶ አስፋልቱ ላይ ሲያወርዳቸው ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ቆመው ነበር። «በእግሬ እወጣለሁ» አለች፤ የሰማት የለም። ልጇን አቅፋ ወጣችበት። ሽቅቡን በየተራ እየተቀያየሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥድፊያ፣ እያወሩ ወጡ። መንታው መንገድ ጋ ኦቦ ዳኛ ጎንበስ ብለው «ወዴት እናርግሽ ልጄ? እኛ ጋ ነው?» አሏት። «ቤቴ» አለች። ስለዚህ ወንዙን ተሻገርን። የዕድሩ ቃሬዛ ከዚያ በፊት ወንዙን ተሻግሮ አያውቅም።

በሯ ላይ አወረዷት። በራሷ እግር ቆመች።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎት» አለቻቸው።

የኦቦ ዳኛ ዓይን ባዶው ቃሬዛ ላይ ነበር። ለኔ ይሁን ለራሳቸው ባለየሁት ድምፅ «ሃያ ዓመት ተሸክመናል» አሉ። «ወስደን የመለስነው ሰው አልነበረም።»

«እኔስ?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ለዚያች ቀን እንኳ ዝም ማለት ቻልኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ዝናቡ ነው አላሉም።

የታችኛው መንደር ሴቶች ቆጮና ጎመን ይዘው ወጡ። ደጁ ሁሉ ጭቃ ነበር፣ መቀመጫም አልነበረም። መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ፈላጭ ቃሬዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ቀጥሎ ከላይኛው መንደር አንዱ ተቀመጠ፣ ከዚያም ሁሉም፣ እንጨቱ እስኪጮህ ድረስ። ኦቦ ዳኛ ትንሽ አመነቱና መሃላቸው ገብተው ተቀመጡ፤ ቆጮውንም ተቀበሉ።